«እሱማ ይወድቃል»

ሥራዬ የባዮሎጂ መምህርነት ነው። የጥርስን ሥዕል በጠመኔ ስሥል ሥሩ፣ ነርቩ፣ የላይኛው ጠንካራ ልባሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተማሪዎቼ ወደ ደብተራቸው ሲገለብጡት ደስ ይለኛል። የገዛ ልጄ አፍ ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ብትጠይቁኝ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ መልሴ «በቂ አላት» ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። ሸክላ ሠሪዋስ ደኅናውን ገበያ አውጥታ ሸጣ ነው፤ እኔ ደኅናውን የት እንዳደረስኩት እንኳ አላውቅም።

የምኖረው መተማ ዮሐንስ ነው፤ ከሱዳኗ ጋላባት የሚለየን አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ከሞቱት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዚህ ድንበር አንገታቸውን ሰጡ። ለእኔ የተሰጠኝ ድንበር ከአንዲት ሕፃን ላይኛው ከንፈር እስከ ታችኛው ከንፈር ያለው ብቻ ነበር፤ እሱም ዓይኔ እያየ ተደፈረ።

እኛ ዘንድ ፍተሻ የዕለት እንጀራ ነው። ከገንዳ ውሃ ስትመጣ ትፈተሻለህ፣ ወደ ገንዳ ውሃ ስትሄድ ትፈተሻለህ፤ ጆንያ ይፈታል፣ ሻንጣ ይገለበጣል። ያለ ፍተሻ የሚታለፍ አንድ ኬላ ቢኖር የልጄ አፍ ነበር። ከረሜላ ያልፋል፣ ብስኩት ያልፋል፣ ሐላዋ ያልፋል። ሐላዋ ማለት የተፈጨ ሰሊጥ በስኳር ማለት ነው። ሳሉጉ፣ ማለትም ለአጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ፣ በዚያ ቆላ ፀሐይ ጎንበስ ብሎ የሚያጭደውን ሰሊጥ ዋጋው ወጣ፣ ዋጋው ወረደ እያልን ስንጨነቅ እንከርማለን፤ ከስኳር ጋር ተጋብቶ ሲመለስ ግን ምንም ሳንጠይቅ ለልጅ እናጎርሳለን። ሻዩም እንደ ጎረቤቶቻችን ነው፤ ብርጭቆው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በዚሁ ድንበር ሲጎርፍ ከገበያ የጠፋው ጠፋ፣ የተወደደው ተወደደ። ልጄ ከረሜላ አጥታ የዋለችበትን ቀን ግን አላስታውስም። ቢጠፋም እኔ ፈልጌ አገኘው ነበር።

ኃጢአቴ በደንብ እንዲታይ ከድሌ ልጀምር። ልጄ ሰባት ወር ሲሆናት ተቅማጥና ትኩሳት ያዛት። እናቴ ከጭልጋ ወደ እኛ ወርዳ ነበር። ሕፃኗን ተቀብላ ድዷን በጣቷ ዳሰሰችና፣

«ጥርሷ ነው። ይኸው ነጭ ሆኖ አብጧል። ሳይገድላት እናስነቅላት» አለች።

የወተት ጥርስ ማስነቀል ማለቷ ነው፤ እንጥል ከማስቆረጥና ግግ ከማስቧጠጥ ጋር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ። አዋቂ የሚሉት ሰው በስለት ወይም በጋለ ብረት ገና ያልበቀለውን የክራንቻ እምቡጥ ከሕፃኑ ድድ ፈልፍሎ ያወጣል።

ያን ቀን መድረክ አገኘሁ። «እምዬ፣ ያበጠው በሽታ አይደለም፤ ክራንቻዋ ነው። ለመውጣት ገና ወራት ይቀሩታል። በዚህ ዕድሜ ልጅ መዳኽ ይጀምራል፣ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል፣ ከጡት ሌላ ምግብ ይቀምሳል፤ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርሱ የተከሰሰው በዚያው ሰሞን እዚያ ስለተገኘ ብቻ ነው» አልኳት። ቀጥዬ ስለ ቴታነስ፣ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ከሥር ስለተኛው ቋሚ ጥርስ ንግግር አደረግሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግም ጠቀስኩ፤ በጎጂ ልማድ ሕፃናትን መጉዳት ያስቀጣል ብዬ የወለደችኝን እናቴን አስፈራራሁ። ማስረጃም በአፌ ይዤ ነበር። በሕፃንነቴ እሷው አስነቅላኝ የግራ ታችኛው ክራንቻዬ ጨርሶ አልበቀለም፤ ቀኙ ተጣሞ ነው የወጣው። አፌን ከፍቼ አሳየኋት። እናቴ አይታ አይታ፣

«ግን አልሞትክም» አለች።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ኦአርኤስና ዚንክ ሰጡን፤ በዚህ ሙቀት ዋናው ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፣ ጡትም እንዳይቋረጥ ብለው መከሩን። ልጄ ዳነች። እኔን ግን ኩራት ያዘኝ፤ ለእሱ መድኃኒት የሰጠኝ አልነበረም።

ቡና በተፈላበት ሁሉ ይህን ድሌን ተረክሁት። ዕውቀቴም ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። ድልድዩን ስንሻገር ሱዳኖች «ሀይፋት» እንደሚሉት እናገራለሁ። ጥርስን መክሰስ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳለሁ፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዘመን ጥርስ እንዲወጣ ብሎ የሕፃናትን ድድ መብጣትን ይመክር ነበር፤ እንግሊዞችም በ1839 እ.ኤ.አ. ከ5 ሺህ በላይ ሞት «ጥርስ ሲያወጣ» በሚል ምክንያት መዝግበዋል። በመጨረሻ የቤተ እስራኤሎችን ነገር አመጣለሁ። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በእግራቸው በዚህ በእኛ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን የተሻገሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ኋላ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የመጡ ሕፃናትን አፍ ሲያዩ ብዙዎቹ የወተት ክራንቻ አልነበራቸውም፤ ነገሩን በሙያ መጽሔታቸው ጻፉት። «ቀዬውን ጥሎ የሄደ ሰው ጓዝ ባይዝም የአዋቂውን እጅ በድዱ ይዞ ይሄዳል» እያልኩ እራቀቃለሁ። አድማጮቼ ያደንቁኛል። ልጄም ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ፣ ወሬዬን እንዳታቋርጠኝ በሰጠኋት ከረሜላ አንድ ጉንጯ ተነፍቶ ታዳምጠኛለች።

የጥርሷን መጥቆር ቀድማ ያየችው ሚስቴ ናት። ልጃችን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። «ይኼ ነገር ምንድን ነው?» ስትለኝ ከያዝኩት ወረቀት ቀና ሳልል፣ «እሱማ የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» አልኳት። ይህች ቃል እንዴት እንደምታሳርፍ! ብሩሽ ተረስቶ ሲያድር፣ ይወድቃል። ሻይ እንደ ጠጣች ስትተኛ፣ ይወድቃል። ጥቁሩ ነጥብ ጉድጓድ ሲሆን፣ ይወድቃል። ለሚፈርስ ቤት ማን ኖራ ይቀባል? ኋላ ሳስበው ግን ጫማዋም በየዓመቱ ይጠባታል፤ «ይጠባታል» ብዬ በዚያ በሚፋጅ መሬት ባዶ እግሯን አላስኬድኳትም።

የስኳሩ ታሪክ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሌሊቱም አያስተኛ፤ ልጅ ይነሣል፣ አባት ይነሣል። እኔ መላ ነበረኝ፤ በጡጦ ውሃ፣ በውሃው ስኳር። ጡጦውን አፏ ውስጥ እንዳደረገች ትተኛለች፣ እኔም እተኛለሁ። ሰው ሲተኛ ምራቁ እንደሚቀንስ፣ ምራቅ ደግሞ የጥርስ አጣቢ እንደሆነ፣ ጀርሞቹ ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጡ ጥርሱን ሲበሉት እንደሚያድሩ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ፤ አምስት ማርክ።

ከጡጦ ስትላቀቅ መመሪያ አወጣሁ። ከረሜላ በአንዴ ተበልቶ አያልቅም፤ በየሰዓቱ አንድ፣ አንድ ብቻ። ልጄን ልከኝነት እያስተማርኳት መስሎኝ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሌሎች ወላጆችንም መክሬበታለሁ፤ ሁለቱ ተግባራዊ ማድረጋቸውን ነግረውኛል። እነሱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ብሩሽ አልገዛህላትም እንዳትሉኝ፤ ገዝቼላታለሁ። ሮዝ ነው፣ መያዣው ላይ ድመት አለበት። መስኮቱ ላይ በብርጭቆ ቆሞ የእንግዳ ማሳያ ሆነ። ለራሴ መፋቂያ አላጣም፤ ጠዋት ጠዋት አጥሩን ተደግፌ እየፋቅሁ አላፊ አግዳሚውን እጅ እነሣለሁ። ልጄም አጠገቤ ቆማ አንድ ስንጥር እየነከሰች እኔን ታስመስላለች። «እየተማረች ነው» እላለሁ። ልጅ እስከ ሰባት ስምንት ዓመቱ ድረስ ጥርሱን በራሱ እጅ በደንብ ማጽዳት እንደማይችል፣ ብሩሹን ወላጅ መያዝ እንዳለበት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የተያዝኩት ባለፈው ዓመት በአንዲት ሌሊት ነው። ልጄ ሰባት ዓመት አልፏታል። ጉንጯን ይዛ ተነሣች፤ ሕመሙም አልተዋትም። ጎረቤት ቅርንፉድ አስነክሷት አለ፣ አስነከስናት። ሌላው ጨው በሙቅ ውሃ አለ፣ አጉመጠመጥናት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ፤ እኔ ዲግሪዬን ታቅፌ መብራት ከማብራትና ከማጥፋት በቀር የፈየድኩት የለም። ሲነጋ ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗ ሊከደን ደርሷል።

ወደ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ተሳፈርን። ኮኪት፣ ገንዳ ውሃ፣ ነጋዴ ባሕር፣ አይከል። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ ልጄን አየና፣ «ምን ሆና ነው?» አለ።

«ጥርሷን።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባት።»

«ኤዲያ! የወተት አይደል እንዴ? ይወድቃል» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። የገዛ ስብከቴ ከእኔ ቀድሞ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ልጄን አስተኝታ አፏን አስከፈተችና ወደ እኔ ሳትዞር፣ «በቀን ስንት ጊዜ ትቦርሻለች?» አለች።

«ጠዋትና ማታ» አልኩ።

ልጄ አፏ ተይዟልና መናገር አልቻለችም፤ ጣቷን ግን አንሥታ ግራና ቀኝ አወዛወዘች።

ውሸቴን በቁም ነገር ለማካካስ ብዬ የከረሜላ መመሪያዬን አስረዳሁ። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር። ሐኪሟ እጇን ገታ አድርጋ፣ «በየሰዓቱ?» አለች። «ስኳር በቀመሰች ቁጥር አፏ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አሲድ ይሠራል። ከምግብ ጋር በአንዴ ብትበላው ይሻላት ነበር። እርስዎ የከለከሉት ከረሜላውን ሳይሆን የጥርሷን ዕረፍት ነው።»

ቀጠለች። ሁለት የወተት መንጋጋዎች መግል ቋጥረዋል፤ መነቀል አለባቸው። የወተት ጥርስ ልባሱ ከቋሚው ይልቅ ስስ ነውና አንዴ ከተቦረቦረ ወደ ነርቩ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። መግሉም ከሥር የተኛውን የቋሚ ጥርስ እምቡጥ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ስትል ምላሴ ሳላዘው ወደ ግራ ታችኛው ክራንቻዬ ባዶ ቦታ ሄደ።

«ለነገሩ ይወድቁ የለ» አልኩ ለመጽናናት።

«በራሳቸው ጊዜ ቢሆን ከ9 እስከ 12 ዓመቷ ነበር የሚወድቁት። እስከዚያ ድረስ ታኝክባቸዋለች፣ ቦታም ይጠብቃሉ።» ከዚያ ትንሿን መስታወት ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና፣ «ይኼኛውም ተቦርቡሯል» አለች።

«እሱማ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱማ አይወድቅም» አለች።

የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነበር። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ ብቅ ይላል፤ የማንንም ቦታ አይወስድም፣ ማንም አይወድቅለትም። ሌላው ጥርስ ሲመጣ አሮጌው ይነቃነቃል፣ ይወልቃል፣ ልጁ ጣራ ላይ ወርውሮ አዲስና ነጭ እንዲሰጠው ይለምናል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይኼ ግን ጣራ ላይ የሚወረወርለት ስለሌለ መምጣቱን የሚያበስር የለውም። ድምፁን አጥፍቶ ይገባል፤ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል የመጣውን፣ እንደኔ ያለው አባት ከሚሄዱት ጋር ቆጥሮ ይጥለዋል። በየዓመቱ በሰሌዳ የምጽፈው ሠንጠረዥ ሦስተኛ መስመር ላይ በእጄ ጽሑፍ «አንደኛ መንጋጋ፣ 6 ዓመት» ይላል። ስንት ዓመት ስጽፈው እንደኖርኩ ብነግራችሁ ደመወዜ ይቆረጣል።

ሁለቱ ተነቀሉ፤ ቋሚው መንጋጋ ነርቩ ሳይነካ ስለተደረሰበት ተሞላ። በመልሱ ጉዞ አይከል ላይ አንድ ተሳፋሪ ወረደ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች እግራቸውን ዘርጋ፣ ዕቃቸውን ፈታ አድርገው ተመቻቹ። ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ ሌላ ሰው አሳፍሮ «ጠጋ በሉለት» ሲል የሚጠጋ ጠፋ፤ ሰውየው ጎብጦ በሩ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ሐኪሟ ቦታ ይጠብቃሉ ያለችው በደንብ ገባኝ። የወተት መንጋጋ ያለ ጊዜው ሲወርድ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከዓመታት በኋላ ባለ ቦታው ሲመጣ የሚያስጠጋው አያገኝም፣ ተጣሞ ይወጣል። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ያልገባኝን ትምህርት ከሚኒባስ ረዳት ተማርኩት።

እናቴ እኛ ቤት ሆና ጠበቀችን። የልጅቷን ጉንጭ ዳሰሰች፤ አፏን አስከፍታ ክፍተቱን ቆጠረች።

«ሁለት አስነቅለህ መጣህ?»

«ሁለት።»

«ያኔ እኔ ላስነቅላት ስል አገር አሸበርክብኝ። ሕግ ሁሉ ጠቀስክብኝ።»

«እምዬ፣ ያኛውና ይኼኛው…»

«እኔስ አላውቅም ነበር» አለች፤ «አንተ ምን ሆነህ?»

መልስ ሳፈላልግ ይኸው ጽሑፍ ወጣኝ። እናቴ ስለት ያሰበችው ልጅ እንዳይሞት ፈርታ ነው። እኔ ስኳር የሰጠሁት እንቅልፌ እንዳይቋረጥ፣ ወሬዬ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። የእሷን ጥፋት የሚከስ አንቀጽ አለ፤ ለእኔ ከረሜላ አንቀጽ አልተጻፈለትም። ለዚህም ነው በራሴ ላይ ራሴ ምስክር የቆምኩት።

አሁን ተለውጫለሁ ብል ልጄ ጣቷን ታወዛውዝብኛለች። የምችለውን ግን እያደረግሁ ነው። ማታ ከመተኛቷ በፊት ድመቷ ያለችበትን ብሩሽ እኔ እይዛለሁ፤ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በአተር ፍሬ መጠን አደርግበታለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከሩዝ ፍሬ አይብለጥ ብለውኛል። ትተፋዋለች፤ በብዙ ውሃ አታጥበውም። ከዚያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም። ጠዋትም እንዲሁ። የቦረሽኩላትን ሌሊት ልጄ በጠመኔ በሩ ላይ ጭረት ታደርግበታለች፤ ባለፈው ሳምንት አምስት ጭረት ብቻ ነው ያለው። አንዱን ቀን ደክሞኝ ነበር። ሌላውን ቀን እንግዳ መጥቶ ስለ ጥርስ እያስረዳሁት አመሸሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ማታ ልጅዎን ወደ መብራት ጠጋ አድርገው አፏን ያስከፍቱ። ከፊት፣ ከመሐል ጀምረው ወደ አንድ ጎን ይቁጠሩ፤ ከላይም ከታችም፣ በቀኝም በግራም። የወተት ጥርስ በየጎኑ አምስት ነው፤ ተደምሮ 20። ስድስተኛ ካገኙ እሱ አይወድቅም።